የትምህርት ቤታችንን ሒሳብ በሩ ላይ ለጥፉልን

ግልጽ ደብዳቤ፦ በድሬዳዋም በአዲስ አበባም የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለምትመሩና በጀታቸውን ለምታጸድቁ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፈው ከድሬ ነው፣ ከሳቢያን። ልጄ የምትማረው መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እኔም የተማርኩት እዚሁ ከተማ፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ የማወራው ስለ ሰው ቤት አይደለም። ብዙ ወረቀት እንደሚደርሳችሁ ስለማውቅ ጥያቄዬን ከፊት ላስቀምጠው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በዓመት ስንት ብር እንደመጣለት፣ ከወላጅ ስንት እንደሰበሰበ፣ ምን ላይ እንዳዋለው፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ክፍል ልጆቹ ደግሞ ስንቱ በትክክል ማንበብ እንደሚችሉ በአንድ ወረቀት ጻፉና በሩ ላይ ለጥፉልን። ይኼው ነው። አዲስ ፍኖተ ካርታ አልጠየቅኩም፣ አዲስ ሕንፃም አልጠየቅኩም።

ለምን ይህን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ።

ክረምት ላይ የጎረቤቴን ልጅ አስጠናት ነበር። ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ ሦስተኛ አልፋለች፣ ካርዷም ያምራል። የአማርኛ መጽሐፏን ከፈተችና አንድ ገጽ ጥርት አድርጋ አነበበችልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ጣቴን ገጹ መሃል ያለ አንድ ቃል ላይ አድርጌ «ይሄስ ምን ይላል?» አልኳት። ዝም አለች። ሥዕሉን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከገጹ መጀመሪያ ተነስታ እዚያ ቃል ላይ ለመድረስ ሞከረች። አልሆነላትም። «ጋሼ፣ ከላይ ልጀምር?» አለችኝ። ገጹን በቃሏ ይዛዋለች እንጂ ፊደሉን አታውቀውም። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ያን ሁሉ ዓረፍተ ነገር በጆሮዋ ብቻ ሰምታ ሸምድዳለች። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ገብታ ወጥታ አንድም ሰው ጣቱን መሃል ላይ አድርጎ ጠይቋት አያውቅም።

መምህሯን አልወቅስም። ልጅቷ እንደነገረችኝ አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ የሚል ስታንዳርድ አለ፤ ክፍሉ ግን ከዚያ ያልፋል። ስልሳና ከዚያ በላይ ልጅ ይዛ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱን ላስነብብ ብትል ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ስለዚህ ሁሉም አብሮ ይጮሃል፣ የቻለ ያነባል፣ ያልቻለ ይሸመድዳል፣ በዓመቱ መጨረሻ ሁሉም ያልፋል።

ይሄ የአንድ ሰፈር ወሬ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። በ2002 ዓ.ም በበርካታ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የዓለም ባንክ ደግሞ በኢትዮጵያ አሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶዎቹ አንድን ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። ከአሥሩ ዘጠኙ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሳነብ የመጣችብኝ ያቺው ልጅ ናት።

አሁን የ12ኛ ክፍልን ውጤት እንየው፣ ምክንያቱም አገሩ ሁሉ የሚደነግጠው እሱ በወጣ ቀን ነው። ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ከ840 ሺህ በላይ ተፈትነው ያለፉት 27,267 ብቻ ናቸው፣ 3.2 በመቶ። በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲሰጥና ኩረጃው እንዲቆም መደረጉም ልክ ነበር፣ ያኔም ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ለዓመታት ራሳችንን ስናታልል ኖረናል።

ግን ልጁ የወደቀው መቼ ነው? 12ኛ ክፍል ሲደርስ ነው? ሁለተኛ ክፍል ላይ ገጹን ሸምድዶ ያለፈ ልጅ አምስተኛ ክፍል የሒሳብ ጥያቄውን ማንበብ ያቅተዋል፣ ሰባተኛ ክፍል ሳይንሱ ይጠፋበታል፣ ዘጠነኛ ላይ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ትምህርት ጭራሽ አይገባውም፣ 12ኛ ላይ ደግሞ ስሙ በመቶኛ ሆኖ ቴሌቪዥን ላይ ይነገራል። ያኔ ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት እናስገባዋለን። በሰባት ዓመቱ በርካሽ ልናስተምረው የምንችለውን ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቱ በውድ እያስተማርነው ነው።

ገንዘብ አትመድቡም አላልኩም። ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ከመንግሥት ወጪዋ አንድ አምስተኛውን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ለትምህርት ስታውል ቆይታለች። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመከረው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ስለዚህ ድሃ ብንሆንም ለትምህርት ሰሰታችሁ የሚለን የለም። የኔ ጥያቄ ብሩ የት ገባ ነው። የት ገባ ስልም ሌባ ፍለጋ አይደለም፤ ወጥቶስ ምን አስተማረ ማለቴ ነው።

ያለፉትን ማሻሻያዎች አስቡ። የ1986ቱ ፖሊሲ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት አመጣ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አይክደውም። ቀጥሎ በ1997 አካባቢ ፕላዝማ መጣ። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። በድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቬንትሌተር በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ስክሪን ተገጠመ። መምህራችን ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ከዚያ ሳጥኑ ይከፈትና የማናየው የማያየን ሰው በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምረናል። ስላይዱን ገልብጠን ሳንጨርስ ይሄዳል። «አልገባኝም» የምትለው ሰው የለህም። መምህሩ ጥግ ላይ ቆሞ ከኛው ጋር ያያል፤ የተማረ፣ ማስተማር የሚችል ሰው ነው፣ ግን ሰዓቱ የሱ አይደለም። መብራት ከጠፋ የዚያን ቀን ፊዚክስ አብሮ ጠፋ፣ አይደገምም። ከጊዜ በኋላ አንዱ ስክሪን ተበላሸ፣ ሌላው ዝም አለ፣ ሳጥኑ እንደተቆለፈ ግድግዳው ላይ ቀረ። ስንት እንደወጣበት ለኛ የነገረን የለም። ለምን እንዳልሠራም የነገረን የለም። እኔን እስከዛሬ የሚቆጨኝ ከወጣው ብር ይልቅ ይሄ ዝምታ ነው፣ ምክንያቱም ሒሳቡ ካልተወራረደ ያው ስህተት ስሙን ቀይሮ ይመለሳል። አሁን ታብሌትና ስማርት ክፍል ሲባል ስሰማ ያ ሳጥን ነው የሚታየኝ።

ከዚያ በ2001 የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ተጀመረ፣ በለጋሾች ብር ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር የሚታሰብ ድጎማ መጣ። በ2010 ለቀጣዩ ምዕራፍ የዓለም ባንክ ብቻ 300 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። ፍኖተ ካርታው ወጣ። በ2015 አዲሱ ፖሊሲ ጸደቀ፣ 8-2-2 የነበረው የክፍል አከፋፈል 6-2-4 ሆነ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀየረ። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፣ ብዙው ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ከመጽሐፉ በፊት ሥርዓተ ትምህርቱ ደረሰን።

መጽሐፍ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድሬዳዋ ልጆቿን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ታስተምራለች። ይሄ የከተማችን ክብር ነው፣ አብረን ያደግነውም እንዲህ ሆነን ነው። ግን ሦስት ቋንቋ ማለት ሦስት ዓይነት መጽሐፍ፣ ሦስት ኅትመት፣ ሦስት ጊዜ ማመላለሻ ማለት ነው፤ በጀቱ ይህን አስቦ ካልተሠራ ልጁ ባዶ እጁን ይቀመጣል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ብዙ ልጆች መጽሐፋቸውን ያገኙት በቴሌግራም ነው፣ ፒዲኤፍ ሆኖ። እናቱ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ፣ ስልኳ ባለ በተን የሆነ ልጅ ይሄን ፒዲኤፍ በምን ይከፍተዋል? ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ ሳለሁ አንዲት እናት ፍላሽ ይዛ መጥታ ሙሉውን መጽሐፍ ማሳተም ስንት እንደሆነ ጠየቀች። የኮፒ ቤቱ ልጅ ነገራት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ከሒሳቡ ምዕራፍ ሁለትና ሦስትን ብቻ አውጣልኝ፣ ፈተናው እዚያ ነው አለኝ» አለችው። የመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት በምዕራፍ ተቆርጦ እንደ አቅም ሲሸጥ ማለት ይሄ ነው።

አቦ፣ ስለ መዋጮም እንነጋገር። በፖሊሲው ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርት ነፃና ግዴታ ነው። ግን የማውቃቸው ወላጆች ምዝገባ ላይ ብር ይጠየቃሉ። «በፈቃደኝነት» ይባላል። ስም ዝርዝር ይያዛል፣ ያልከፈለ ወላጅ ልጅ ካርዱን ሳይወስድ ይመለሳል፣ ልጁ ጓደኞቹ ፊት ስሙ ይጠራል። ይሄ ፈቃደኝነት ነው እንዴ? «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው የትምህርት ቤቶች ማሻሻያ ዘመቻ ሲጀመርም አዋጥተናል፣ በደስታ ነው ያዋጣነው፣ የከተማው ሰው ለልጅ ሲባል እጁ አይሰበሰብም። ብር የሌለው ጉልበቱን ሰጥቷል። ከዚያ የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት አጥሩ ተቀባ፣ በሩ አማረ፣ የእጅ መታጠቢያ ተሠራ፣ ሮቶ ተተከለ። ሮቶው ውስጥ ውሃ የለም። መጸዳጃ ቤቱም ውሃ ስለሌለው ተቆልፏል። ትልልቆቹ ሴት ልጆች በወር አበባቸው ሰሞን ቤት ይቀራሉ። ለቀለም የወጣው ብር ውሃ መስመሩን ይቀጥል እንደነበር ወይም እንዳልነበር እኔ ልናገር አልችልም፣ ምክንያቱም ሒሳቡን አላሳዩንም። ጠይቄ ነበር። «ኦዲት ይደረጋል» ተባልኩ። ለማን ይደረጋል? ያዋጣነው እኛ ነን።

ደመወዝ አብዛኛውን መደበኛ በጀት እንደሚበላም አውቃለሁ። ይቀነስ አልልም፣ እንዲያውም መምህር በደመወዙ መኖር አቅቶት ከክፍል ወጥቶ ሌላ ሥራ እየሮጠ ነገ የሚያስተምረውን መቼ ያዘጋጃል? ግን ከደመወዙ በኋላ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ ወላጅ ቢያውቅ ብዙ ነገር ይቀየራል። ርዕሰ መምህሩ ለጠመኔና ለወረቀት የተረፈችውን ያቺን ትንሽ ብር በሩ ላይ ቢለጥፋት፣ ወላጅ እሱን ከመጠርጠር ተመልሶ ከሱ ጋር ሆኖ እናንተን ይጠይቃል። ብዙ ርዕሳነ መምህራን ሌላው በወሰነው ነው የሚሰደቡት።

«ቢለጠፍስ ማን ያነበዋል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም እኮ። ከ1998 ዓ.ም በኋላ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ሥር የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚባል ሥራ ነበር፣ የወረዳ በጀት ለተራ ሰው በሚገባ መንገድ በሰሌዳ ይለጠፍ ነበር። እንደሚቻል ታይቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ ጥሎባችኋል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። ስለዚህ ልመና አይደለም የያዝኩት። እንደዜጋ የሚገባኝን ነው የጠየቅኩት።

ደግሞ ከተማችን ስትፈልግ ሥራ እንደምትሠራ በዓይናችን አይተናል። ኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ሌሊት ሳይቀር መብራት በርቶ ተሠርቷል፣ መንገዱ ተከፍቷል፣ አመሻሽ ላይ ሰው ወጥቶ ንፋስ ይቀበላል። እኔም ልጄን ይዤ እወጣለሁ። ያ ፍጥነት ለአንደኛ ክፍል ልጆችም ይሰጥ ነው የምለው። ንባብ እንደ መንገድ አይታይም፣ ሪባን አይቆረጥለትም፣ ለዚህ ነው በጀት ሲከፋፈል መጨረሻ የሚመጣው።

ስለ ንባብ ቁጥሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ እኔ በጣም የምፈራው ቦታ ነው። ልጆቹ ሲመዘኑ የልጅ ስም አይለጠፍ፣ ቁጥር ብቻ ይበቃል። የሚመዝነውም የራሳቸው መምህር አይሁን፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ይምጣ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ አንድ አጭር ጽሑፍ፣ አንድ ሰው፣ ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ። በሦስቱም ቋንቋ ይሁን። ከሁሉም በላይ ግን ውጤቱ መምህር መቅጫ እንዳይሆን። ዝቅተኛ ቁጥር ያመጣ ትምህርት ቤት ግምገማ ከተጠራበት በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣላችሁ የውሸት ቁጥር ነው፣ በኩረጃው ዘመን ያየነው ይሄንኑ ነው። ዝቅ ያለ ቁጥር ያመጣ ትምህርት ቤት ተጨማሪ መምህርና ተጨማሪ መጽሐፍ ያግኝ። ቁጥሩ ብሩን ወደሚያስፈልግበት ይምራው።

እና እንደወላጅ ከተጠየቅኩ ብሩን እንዲህ አውሉት እላለሁ፦ ጎበዝ መምህሩን አንደኛ ክፍል መድቡት፣ ለዚያም አበል ክፈሉት። ዛሬ አንደኛ ክፍል መመደብ እንደ ቅጣት ነው የሚታየው፣ ጎበዙ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጀማሪው ስልሳ ሕፃን ይሸከማል። አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን ብቻ እንኳ ለሁለት ክፈሉልን፤ ክፍል ከሌለ በፈረቃ ይሁን፣ ለኛ ለድሬ ሰዎች ጠዋት በማለዳ መማር አዲስ አይደለም። አጥር ከመቀባቱ በፊት መጽሐፉ ይታተም። ከስክሪኑ በፊት ውሃ ይግባ። ግንቦትና ሰኔ ላይ እዚያ ቆርቆሮ ሥር ከሰዓት በኋላ ተቀምጣችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ብትቆዩ ቬንትሌተር ለምን እንደምጠይቅ ሳላብራራ ይገባችኋል።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት የዘንድሮውን ሒሳብ እንድትለጥፉ፣ የሚቀጥለውን ደግሞ ከማጽደቃችሁ በፊት ለወላጅ እንድታሳዩ እጠይቃለሁ። ስብሰባውን እባካችሁ በሥራ ሰዓት አትጥሩት። ቀፊራ የምትነግድ እናት ጠዋት ገበያዋን ጥላ አትመጣም፣ ባጃጅ የሚነዳውም አይመጣም፣ ከዚያ «ወላጅ አይሳተፍም» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይጻፍብናል። ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አድርጉት። በሦስቱም ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው ይኑር። ሒሳቡን በፕሮጀክተር ሳይሆን በወረቀት አባዝታችሁ አምጡልን፣ ቤት ወስደን እናየዋለን፣ ጥያቄ ካለን በማግሥቱ እንመለሳለን።